የፓፓያ ወተት

ስድስት ዓመት ሠራሁ፣ ቀለም ቤት ነው ስሙ፤
ሰማያዊ ነበር የጥፍሬ ዳር ደሙ።
ሳሙና አይደፍረው፣ ሎሚ አያስለቅቀው፣
በክብረ በዓል እንኳ በነጠላ ጫፍ ነው እጄን የምደብቀው።
ሰው ለሰላምታ መዳፉን ሲሰጠኝ፣
አንጓዬን ሰጥቼ እሸሻለሁ፣ ሥራ እንደያዘኝ።

አንድ ማታ ከፈረቃ ስንመለስ ጎማ ተነፈሰብን፣
ጥቁር ውሃ ድልድይ አጠገብ ቆምን።
«ለወንዙ ይህ ስም የወጣለት መቼ ነው?» አለች አዲሷ ልጅ።
«ከእኛ በፊት» አልኳት፤ «ድሮ ነው እንጂ።»
ድሮ መሆኑን አውቃለሁ።
ቢሆንም ያን ሌሊት እጄን ብብቴ ሥር ሸጉጬ አድሬያለሁ።

አመለወርቅ ናት ያወጣችኝ፤ ቀለም የቆጠረች፣
ጓሮዋ ጉሎ ተክላ የሐር ትል የምታረባ ነበረች።
«ቀለም መቁጠርማ እኔም ቆጥሬያለሁ፤
ሰባት ቁጥር ሰማያዊን ጨለማ ውስጥ በሽታው አውቃለሁ»
አልኳት። (በሽታው ስል ያፍንጫውን ነው፤
ያኛውንም ቢሆን አልክደው።)
ሐዋሳ፣ ከታቦር ሥር፣ ቆርቆሮ ቤት ተከራየን፤
ሁለት በርሜል፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ የተሰበረ ሚዛን ይዘን።

ትሉ ሐሩን ሲተፋ ሙጫም አብሮ ይተፋል፤
ሙጫው ካልለቀቀ ቀለሙን ይገፋል።
ፋብሪካ በሶዳ አፍልቶ ነው የሚያወልቀው፤
እሷ ግን ጥሬ ፓፓያ በምላጭ ጭራ፣ ወተቱን ነው የምትጠብቀው፤
ጠብ፣ ጠብ፣ በሻይ ብርጭቆ፣ ፀሐይ ሳይወጣበት።
«ኢንዛይም» ትለዋለች። ጎረቤቴ ሎሚታ
ያረጀ በሬ ሥጋ የምታለሰልስበት፣
ያው እሱ ነው፤ ስም ነው የተጨመረበት።
ለብ ባለ ውሃ ይሠራል፤ ካፈሉት ይሞታል፤
ቁጣ አይወድም፣ እንደ ልጅ፤ ቀስ ካሉት ይረታል።
ትሉንም ቀቅለን አንገድለውም፤ ክንፍ አውጥቶ ነው የሚሄደው፤
የምንፈትለው ባዶ ቤት ነው፣ ተከራዩ በሩን ከፍቶ የተወው።

የመጀመሪያውን ሐር ረሳነው።
ዝናብ መጣ፤ የተሰጣውን ስናስገባ፣
ፓፓያው ሙጫውን ጨርሶ ወደ ክሩ ገባ።
እጄ ላይ ተበጣጠሰ፣ እንደ ራሰ ወረቀት፤
የፈታይዋ የዳመነች ሁለት ወር፣ በአንድ ጠዋት።
እኔ በርሜሉን ልደፋ ስል፣ እሷ ደብተሯን አወጣች፤
«አርባ ደቂቃ» ብላ ጻፈች፤ ሁለቴ አሰመረች።

ቀለሙን ከሰፈር እንለምናለን፤
ከምግብ ቤቶች የሽንኩርት ልጣጭ በማዳበሪያ ከረጢት እንሸከማለን።
የሮማን ቅርፊት፣ ራሱ መሮ፣ ክርና ቀለም ያስታርቃል፤
እርድ ውሸታም ነው፤ ሲነከር ያስቃል፣ ፀሐይ ሲያየው ይለቃል፤
መቅመቆ ግን የነገሩትን ይጠብቃል።

እንሶስላ ላይ ስንደርስ፣ ሥሩን ስወቅጥ፣ ዝም ብዬ ቆየሁ።
በሁለት ፈረቃ መሃል ነው እኔ ያገባሁ፤
ሰማያዊ ጣት ላይ ቀይ ምን ሊይዝ ብዬ፣ ሳልሞቅ ነው የቀረሁ።

ከሸገር የመጣ ነጋዴ ሁለት ሻርፕ ጎን ለጎን አስተያየ፤
«አንድ አይደሉም» አለ፤ «ይሄ ደብዝዞ፣ ያ ደምቆ ታየ።»
አመለወርቅ ስለ ታኒን ልታስረዳው አፏን ስትከፍት፣
ቀደምኳት፦ «ይሄ የሐምሌ ሥር ነው፣ ያኛው የጥቅምት።
ወንድሜ፣ የእናትህ ልጆችስ አንድ መልክ አላቸው?»
ሳቀ።
አንዱን ገዛ። በቅናሽ።

የተረፈውን ውሃ ጉሎው ሥር ደፋሁት፤
ሳምንት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ቅጠሉን እየገለበጥኩ አየሁት።
አልደረቀም። እስካሁን።

ዛሬ ሱቅ ሄጄ፣ መልስ ልቀበል፣
እጄን ዘረጋሁ፤ አንጓዬን ሳይሆን መዳፌን።
የባለ ሱቁ ልጅ ሳንቲሙን ይዛ ቀረች፣
ጣቶቼን እያየች።
«የማን ሰርግ ነው?» አለችኝ።
«የማንም» አልኳት።
«ማክሰኞ ነው።»